ቆዳዋን የዳረች እናት

«ቆዳዬ እንዴት ዋለች?»

ከሥራ ስገባ የእናቴ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር። የእኔ አዋዋል ሁለተኛ ነው የሚመጣው። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ «ደኅና ውላለች» እላታለሁ።

«ብርድ እንዳያገኛት ብቻ።»

«ኧረ እማዬ፣ የምትውልበት ክፍል ከዚህ ቤት ይሞቃል።»

«አንቺማ ምን ቸገረሽ» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ሃያ ዓመት እንዲህ ተባብለናል። አሁን የሚጠይቀኝ ሰው የለም፤ ስለዚህ ሳልጠየቅ ልናገር።

ስሜ ትርሲት ነው፤ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ «ንጹሕ እጅ» በሚባል የቅባትና የሳሙና መፈተሻ ድርጅት ቀቢ ነኝ። ገበያ የሚወጣው ሻምፖ፣ የፊት ክሬም፣ የብብት ሽቶ ሁሉ መጀመሪያ በእኛ እጅ ያልፋል። ከሰው ክንድ ላይ በትንሹ ተወስዶ ሳህን ላይ ያደገ ቆዳ አለ፤ እኛ እሱን እንቀባለን። ከሳህኑ ሥር የሚበራው ቁጥር ከፍ ካለ ቆዳው ተቆጥቷል፣ ዝቅ ካለ ተስማምቶታል ማለት ነው። ሌላ ጥበብ የለውም። አርባ ሁለት ሳህን አለን፤ አሥራ አራተኛው የእናቴ ነው።

እናቴ ወይዘሮ ሶልያና ትባላለች። እሷ ስትወለድ ሶልያና የሕፃን ስም ነበር አሉ፤ ዛሬ መንገድ ላይ «ሶልያና!» ብትሉ ዞረው የሚያዩዋችሁ ምርኩዝ የያዙ ሴቶች ናቸው። የእናቴ ቆዳ ግን ከሁሉም ታዋቂ ነው። ሌላው ሳህን ዝም ያለውን ነገር እሷ ትናገራለች፤ ስለዚህ ከአሥር ጠርሙስ ሰባቱ ጀርባ ላይ «በሳህን አሥራ አራት የተፈተነ፣ ፍጡር ያልተጎዳበት» ተብሎ ተጽፏል።

ጠርሙሱ ደግሞ ዝም ብሎ አይከፈትም። ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብታችሁ ስታነሱት፣ «ለፈተነችልዎ ያመስግኑ» ይላል። «እግዜር ይስጥሽ» ስትሉ ክዳኑ ይላቀቃል። ሌላ ምርቃት አይቀበልም። ከባሏ ጋር ተኳርፋ ያደረችም፣ ሥራ የረፈደበትም፣ ሳሙና ዓይኑ ውስጥ የገባበትም ሁሉ እሷን ሳይመርቅ ከቤት አይወጣም። ግድግዳችን ስስ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ኬብሮን በየማለዳው «እግዜር ይስጥሽ» ስትል ይሰማናል፤ እናቴም ከአልጋዋ ሳትነሳ «አሜን» ትላለች። እትዬ ኬብሮን ደግሞ «አሜን» የሚለው ጠርሙሱ እየመሰላት ብዙ ጊዜ ኖራለች። የነገርናት ቀን ሳቋን መግታት አቅቷት ነበር።

ወደዚህ ሥራ ስገባ ገና ጥንቸሎች ነበሩ። ዓመቱ 2061 ነው። ስድስት ጥንቸል በመደዳ፣ አንገታቸው በእንጨት ተይዞ ይደረደራሉ፤ እኔ የቀኝ ዓይናቸው ላይ አንድ አንድ ጠብታ አደርጋለሁ። ከእኔ በፊት የነበረችው ሴት ያስተማረችኝ ሁለት ነገር ነው፤ ጠብታው እንዳይበዛ መያዝና ጠብ ከማድረጌ በፊት «አይዞሽ» ማለት። ጥንቸል አይጮኽም። ቢጮኽ ኖሮ ያን ያህል ባልከፋኝ። አንድ ቀን ቤት ገብቼ እንባዬ አልቆም አለ፤ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት።

ከዚያ ወዲያ የቤቱ ሰባኪ ሆንኩ። ምን ያላወጣሁት ነገር አለ! የወተት ሳሙናውን፣ የማር ክሬሙን፣ የበግ ሱፍ ቅባቱን ሁሉ ወረወርኩ። ቅቤው ላይ ስደርስ እናቴ ተነሥታ ቆመች። በየአሥራ አምስት ቀኑ ራሷን ለጋ ቅቤ የምትቀባ ሴት ነበረች፤ ልጅ ሆኜ እኔንም ትቀባኝ ነበር። የደብረ ብርሃን ብርድ ያጠነከረውን ቅቤ ከመዳፏ መሃል አድርጋ ታሸዋለች፣ ትንፋሿን እፍ ትልበታለች፣ እጇ ሳይሞቅ ራሴን አትነካኝም።

«ላሟን ምን አደረግናት?» አለችኝ።

«ጥጃዋን ቀምተናት እኮ ነው እማዬ!»

የቅቤውን ቅል ከእጇ ወስጄ ደፋሁት። ፀጉሯ ከዚያ በኋላ እየደረቀ፣ ጫፉ እየተሰበረ ሄደ፤ እኔ ግን ኮርቼ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከእንስሳ የተገኘ ነገር ገላ እንዳይቀባ የሚከለክል አዋጅ ወጣና ነገሩ የእኔ ጭቅጭቅ መሆኑ ቀረ። ዛሬ ቅቤ ወጥ ውስጥ ይፈቀዳል፤ ራስ ላይ ከተገኘ ግን የአውቶቡሱ በር ያሸታችሁና አይከፈትላችሁም።

ጥንቸሎቹ እንዲቀሩ የሰው ቆዳ መገኘት ነበረበት፤ ሰው ደግሞ ቆዳውን የሚሰጥ አልተገኘም። ድርጅቱ ፎርም በተነ፤ ፎርሙ ባዶውን ተመለሰ። በቴሌቪዥን ለመነ፤ ሰዉ ጣቢያ ቀየረ። በመጨረሻ የአገሩን ወግ የሚያውቅ አንድ ሰው መላ መታ፤ ለምን ሽማግሌ አንልክም?

2063፣ መጋቢት ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆሙ። ከፊት የነበሩት ጋሽ ናሆም ናቸው፤ ሠፈሩን ሲያስታርቁ የኖሩ፣ ሰው እምቢ ብሏቸው የማያውቅ። እናቴ እኔን ሊጠይቁ የመጡ መስሏት ዓይኗ በራ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ተስፋ ማድረጓ አይፈረድባትም።

«ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ» አለች ወንበር እየጠራረገች።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ናሆም።

«ምን ይሆን ጉዳዩ?» ወደ እኔ ሰረቅ አድርጋ አየች።

«ወይዘሮ ሶልያና፣ የመጣነው ለልጅ አይደለም። ከክንድዎ ላይ የጥፍር ታህል ቆዳ እንዲሰጡን ነው። ለጥንቸሎቹ ብለው።»

«ለጥንቸሎቹ» የእኔ ቃል ነበር። እናቴን የጠቆምኩት እኔ ነኝ። ቆዳዋ ነገር ቶሎ እንደሚገባው፣ በትንሽ ሳሙና እንኳ እንደሚቀላ ለአለቆቼ የነገርኩት እኔ ነኝ። እናቴ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ክንዷን አየች።

«ቆዳ ነው ያሉኝ ጋሼ?»

«ቆዳ ነው።»

«እንግዲያው ቆማችሁ ልትውሉ ነው?»

«እሺታዎን ካልሰማን ቆመን እንውላለን፣ ቆመን እናድራለን።»

ጋሽ ናሆም ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። ለረጅም ጊዜ መቆም ስላልቻሉ በሩን ደገፍ ብለዋል፤ እናቴም ጉልበታቸውን አየች። ሰው ቤቷ መጥቶ፣ ያውም ሽማግሌ፣ ያውም እግሩን እያመመው ቆሞ እምቢ የምትል ሴት አልነበረችም። አለቆቼም ይህን ያውቁ ነበር።

«እሺ፣ ሰጥቻለሁ» አለች። «ግን ከዳርኩ አይቀር እንደ ወጉ ነው። መልሷን ታመጡልኛላችሁ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። መልስ ማለት መቼም የታወቀ ነው፤ የተዳረች ልጅ ከሠርጓ በኋላ ከነሙሽራው እናት አባቷ ቤት ተመልሳ የምትጋበዝበት ቀን ነው። ጋሽ ናሆም እየሳቁም ቢሆን እጃቸውን አነሡና «ይሁን፣ መልስ ትመጣለች» ብለው ቃል ገቡ። ከዚያ ተቀመጡ። እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ሳስበው ጉሮሮዬን አንቄ ዝም ባሰኘሁት እላለሁ።

ነገሩ በእናቴ አልቀረም። ሽማግሌ የተላከበት ቤት ሁሉ «መልስስ?» አለ። ድርጅቱ የሰው ወግ ማክበር ስላለበት ደንብ አድርጎ ጻፈው። ቤተሰብ ሲጠይቅ ሳህኗ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ቤቷ ትመጣለች። በዚያ ቀን ሰጪዋ በሰው ፊት «ትቀጥል ወይስ ትመለስ?» ተብላ ትጠየቃለች። «ትመለስ» ካለች በቃ፣ ሳህኑ ይዘጋል፤ ቆዳውም ወግ ባለው መንገድ ይቀበራል። ከእሷ አፍ በቀር የማንም ቃል አይሠራም።

ጥያቄውን መሙላት ያለብኝ እኔ ነበርኩ፤ አንድ ገጽ ናት። እናቴ በየዓመቱ የፋሲካ ሰሞን «ዘንድሮስ?» ትላለች፤ እኔ «ዘንድሮ ሥራ በዝቶባታል» እላለሁ። መጀመሪያ ስንፍና ነበር፤ ዛሬ ነገ ማለት። በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ።

2074 ላይ አዲስ ሥራ ተጀመረ። «አያቃጥልም» የሚል ጠርሙስ እውነት አለማቃጠሉ መረጋገጥ ነበረበትና ሳህኖቹ ላይ ነርቭ ያለበት የስሜት ሽፋን ተጨመረ። ከቆዳው ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ነገር ሲዘረጉ አይቻለሁ። ስልጠና ሰጡን። «ሳህኑ ይለካል እንጂ አያመውም» አሉ። ሦስት ጊዜ አሉት። አንዴ ብለውት ቢተዉት ኖሮ አምናቸው ነበር። ለየቤተሰቡ የፈቃድ ወረቀት ተላከ፤ የእኛም መጣ። እናቴ መነጽሯን ፈልጋ ስታጣ «አንቺ እዚያው አይደለሽ፣ አንቺው ፈርሚልኝ» አለችኝ። ፈረምኩ። ምን እንደሚል አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝ፤ ልጇ ነኛ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህን አሥራ አራትን ስቀባ እጄን ማሞቅ ለመድኩ። ጓንቴን መዳፌ ውስጥ አሻለሁ፣ እፍ እልበታለሁ፣ «አይዞሽ» እላለሁ፣ ከዚያ ነው የምነካት። ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ደስ ይለኝ ነበር። የተሻልኩ ቀቢ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር እንጂ ምን እንደሚነግረኝ ልሰማው አልፈለግሁም። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሠራሁ።

ባለፈው ዓመት፣ የካቲት ውስጥ፣ የፈረቃ ኃላፊያችን አቶ ያቤጽ ቢሮው ጠራኝ። ከእኔ በአሥር ዓመት የሚያንስ፣ ሰው ማስቀየም የሚከብደው ልጅ ነው።

«እትዬ ትርሲት፣ በእርስዎ ፈረቃ ያለፈ አንድ ሻምፖ የሰው ራስ ልጧል» አለኝ። «ሃያ ሰባት ሰው። በሌላው ፈረቃ ያው ሻምፖ ሳህን አሥራ አራት ላይ አርባ ሲያሳይ በእርስዎ እጅ አሥራ ሁለት ነው ያሳየው። እጅዎን ያሞቃሉ እንዴ?»

እጆቼን ከጠረጴዛው ሥር አስገባሁ።

«ሳህኗ የእርስዎን እጅ ለምዳዋለች። ትታገሥልዎታለች፤ የሚታገሥ ነገር ደግሞ መለኪያ አይሆንም።» ይህን ብሎ የተናገረው ቃል ራሱን ቅር አሰኘው መሰለኝ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ከዚያን ቀን በኋላ ጓንቶቻችን ከማቀዝቀዣ እየወጡ እንዲሰጡን ታዘዘ። ልቃወም አልችልም፤ የሃያ ሰባት ሰው ራስ ተልጧል።

በማግሥቱ ቀዝቃዛውን ጓንት አድርጌ ሳህን አሥራ አራትን ቀባሁ። ምንም ያልተጨመረበት፣ ሕፃን የሚታጠብበት ሳሙና ነበር። ቁጥሩ ሠላሳ ስድስት ገባ፤ ያመማት ሳሙናው ሳይሆን ብርዱ ነው። ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ስድስት ጥንቸሎች ነበሩ፤ ዓይናቸውን አይቼ አልቅሼላቸዋለሁ። የእናቴ ቆዳ ግን ዓይን ስለሌላት ዘጠኝ ዓመት አላለቀስኩላትም። በምሳ ሰዓት ሄጄ የመልሱን ወረቀት ሞላሁ።

አሳቤ ቀላል ነበር። ለእናቴ እነግራታለሁ፤ የመልሱ ቀን ስትጠየቅ «ትመለስ» ትላለች፤ አለቀ። ቀኑ ለዳግማይ ትንሣኤ እሁድ ተቆረጠ። ሳምንት ሲቀረው ልነግራት ተነሣሁ። «እማዬ፣ አንድ ነገር...» ስላት «ድስት ከኬብሮን እንዋስ፣ የእኛ አይበቃም» አለችኝ። በማግሥቱ ደግሞ የሐበሻ ቀሚሷን ከሳጥን አውጥታ ጥልፉን እያሳየችኝ ነበር። ለእኔ ሠርግ አስቀምጣው የኖረች ቀሚስ ናት፤ ያን ለብሳ እያየኋት ምን ብዬ ልጀምር? ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ቅዳሜም ነገ እነግራታለሁ አልኩ።

እሁድ ቤቱ ሞላ። አርባ ሰው ይሆናል፤ ጎረቤቱ፣ የእድሩ ሰው፣ በየማለዳው የሚመርቃት ሁሉ። ጋሽ ናሆም ከሞቱ ቆይተዋል፤ በእሳቸው ቦታ ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች ሳህን አሥራ አራት ያለችበትን ሳጥን ይዘው ገቡ። ከድርጅቱ ማራናታ የምትባል የማኅደር ክፍል ሠራተኛ አብራ መጣች፤ ቃል የምትቀበለው እሷ ናት፤ ድምፅ መቅረጫው ሳጥኑ ላይ ተሰክቷል። ሳጥኗን ነጭ ነጠላ የለበሰ ወንበር ላይ አስቀመጧት። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

እናቴ ክዳኑን ከፈተች። መዳፍ የምታህል፣ ጠይም፣ ልስልስ ያለች ቆዳ ናት። እናቴ የራሷን የተሸበሸበ ክንድ አጠገቧ አስጠጋችና አየቻት።

«አየሻት፣ ልጅ ሆና ቀረች» አለችኝ በቀስታ። የሚበራው ቁጥር ዘጠኝ ነበር።

ከዚያ ከጉያዋ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ለጋ ቅቤ! ማን እንደሰጣት እስካሁን አላውቅም። በአርባ ሰውና በድርጅቱ ሠራተኛ ፊት በመዳፏ መሃል አሸችው፣ እፍ አለችበት። ማራናታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እግዜር ይስጣት። እናቴ በሁለት ጣቷ ሳህኗን ቀባቻት፤ ስድስት ሆነ፣ ሦስት ሆነ፣ ዜሮ ሆነ። ሃያ ዓመት ስሠራ ዜሮ አይቼ አላውቅም ነበር።

«እኔም ሰላም ልበላት!» ብላ እትዬ ኬብሮን ሰዎቹን ገፋ ገፋ አድርጋ መጣች። እቃ ስታጥብ ቆይታ እጇ በረዶ ነው። ሳህኗን ጫፏን ብቻ ነካቻት። ሠላሳ አንድ።

እናቴ ቁጥሩን አየች። የኬብሮንን እጅ ያዝ አድርጋ ዳበሰችው፤ ቅዝቃዜውን ሳታውቀው አልቀረችም። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ትርሲት፣ ያማታል እንዴ?»

የሚበላው ሁሉ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። አርባ ጥንድ ዓይን እኔ ላይ ነው። አዎ ብል ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ፤ «ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?» ነው። ዘጠኝ ዓመት እላለሁ? ማን ፈረመ ቢሉኝ እኔ እላለሁ? በእናቴ ግብዣ፣ በእናቴ ቀሚስ ፊት?

«አያማትም እማዬ» አልኩ። «ይለካል እንጂ አያማትም።»

ቤቱ እፎይ አለ። ሰው ማኘኩን ቀጠለ። እናቴ ግን ዓይኗን ከእኔ ላይ ወዲያው አላነሣችም።

ማራናታ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ በደንቡ መሠረት ጠየቀቻት። «ወይዘሮ ሶልያና፣ ትቀጥል ወይስ ትመለስ?»

እናቴ ልትስማት ይመስል ሳጥኗ ላይ ጎንበስ አለች፤ ጎንበስ እንዳለች ጥቂት ቆየች። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

«ትሂድ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ሳጥኗን ሲያወጡ በሩ ድረስ ሸኘቻቸው። «አደራችሁን፣ እጃችሁን እያሞቃችሁ» ስትላቸው ሰማሁ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ፈርታ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሰኞ ከሥራ ስገባ ጥያቄውን ጠበቅሁ። «ድካም አለብሽ?» አለችኝ። ስለ ቆዳዋ አልጠየቀችኝም። ማክሰኞም አልጠየቀችኝ፤ ሳምንቱንም፣ ወሩንም። ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው ወዲያ «እግዜር ይስጥሽ» ሲባል «አሜን» ማለቷንም ተወች። መልሱ ደርሶላት አሳቧ ያረፈ መሰለኝ። እኔም እውነቱን ለመናገር ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ሐምሌ ሰባት ቀን አረፈች። ሌሊት ተኝታ፣ ሳታስቸግረን።

አርባዋ እንዳለፈ ማኅደር ክፍል ሄድኩ። ሳህን አሥራ አራት ትዘጋልኝ አልኩ። ማራናታ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ።

«እትዬ ትርሲት፣ እርስዎ ደንቡን ያውቁታል። ከሰጪዋ አፍ ብቻ ነው።»

«ሰጪዋ ሞታለች እኮ!»

«ቃሏ አለ። እንድትቀጥል ነው የፈቀደችው።»

«አላወቀችም። ዋሽቻት ነው። እንደሚያማት ብነግራት...»

ማራናታ ተነሥታ በሩን ዘጋች። ከዚያ «ይህን ላሰማዎት አይገባም ነበር» ብላ የዚያን ቀን ቅጂ ከፈተችው። የሰው ጫጫታ መጣ፤ የድስት ክዳን፣ ሳቅ፣ እልልታ። የእናቴ ድምፅ፦ «ትርሲት፣ ያማታል እንዴ?» የእኔ ድምፅ፦ «አያማትም እማዬ።» አንድም ቦታ አልተንቀጠቀጠም። ማራናታ ስትጠይቅ፤ እልልታው ሲቀልጥ። ከእልልታው ሥር፣ ሳጥኑ አጠገብ፣ ከመቅረጫው አንድ ስንዝር በማይርቅ ቦታ እናቴ በሹክሹክታ ትናገራለች። ለእኔ አይደለም። ለሳህኗ ነው።

«ቻይው እንግዲህ የኔ እናት። ልጄን በሰው ፊት አላሳፍራትም።»

ከዚያ ከፍ ባለ ድምፅ፦ «ትሂድ።»

«ልድገምልዎት?» አለችኝ ማራናታ። በቃኝ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። እንዴት አድርጌ ከዚያ ቢሮ እንደወጣሁ አላስታውስም፤ ኮሪደሩ ላይ ሰው «እትዬ፣ ምን ሆኑ?» ብሎኛል።

ለእትዬ ኬብሮን ነገርኳት። ሁሉንም፣ ፊርማውንም፣ ውሸቱንም። አለቀሰች፤ የዚያን ዕለት ሳህኗን የነካችበትን እጇን ቀሚሷ ላይ ደጋግማ ጠረገችው። ቆየት ብላ ግን «ታዲያ በጥንቸል ይመለስ ልትይ ነው?» አለችኝ።

ሥራዬ ላይ አለሁ። ልልቀቅ ብዬ ነበር፤ ማን እንደሚተካኝ ሳስብ ተውኩት። ጓንቱ ከማቀዝቀዣ ይወጣል፣ አደርገዋለሁ፣ እቀባታለሁ። ትናንት የፀጉር ማንሻ ክሬም ነበር፤ አርባ አራት አሳየች። «አይዞሽ» ማለት አፍሬ ትቻለሁ። የድርጅቱ ሐኪሞች እንዳሉት ሳህኗ በደንብ ከተያዘች መቶ ዓመት ትቆያለች።

ዛሬ ጠዋት ከግድግዳው ወዲያ እትዬ ኬብሮን ጠርሙሷን አነሣች። ክዳኑ ሌላ ቃል አይቀበልም፤ በቀስታ «እግዜር ይስጥሽ» አለች። ባዶ አልጋው አጠገብ ቆሜ ነበር። ስለ እናቴ «አሜን» ልል አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም።